አሥሩም ጣቶች፦ ከደብረ ብርሃን ሣር ወደ ሸዋ ሮቢት አስፓልት

ልጁ 17 ዓመቱ ነው። ስሙን አልጽፍም። ታሪኩን ግን እሱም እናቱም «ይጻፉት» ብለው ፈቅደውልኛል። እኔ ደብረ ብርሃን የስፖርት መምህር ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ማለዳ አሥር አሥራ ሁለት ልጆች ሰብስቤ አሮጣለሁ። ክለብ አይደለም፤ ማሊያም የለንም። መስክ ላይ ተገናኝተን፣ ሮጠን፣ ዳቦ በሻይ በልተን እንለያያለን።

ከነዚህ ልጆች አንዱ በባዶ እግሩ ነው የሚሮጠው። የጀመረው ፈልጎ አልነበረም። ከቦንዳ የተገዛለት ጫማ አንድ ቁጥር ይሰፋው ነበር። ተረከዙን እየፈገፈገ በየሳምንቱ ውሃ ያስቋጥረዋል። አንድ ቀን ተናደደና አውልቆ በእጁ ይዞ ሮጠ። ወደደው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ጫማ አልተመለሰም። እኔም አልከለከልኩትም። አረማመዱ ያምራል፤ ተረከዙን መሬት ላይ አይቀጠቅጥም፣ በፊት እግሩ ለስለስ ብሎ ያርፋል። በዚያ ላይ መስካችን ሣር ነው።

ደብረ ብርሃንን ለማያውቅ ልንገር። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ያለነገር አይመስለኝም። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። ልጁ በዚያ ላይ ይሮጣል። ጣቶቹ እስኪደነዝዙ። መርገጫው ከጊዜ ብዛት ቁርበት ሆኗል። ጠጠር ላይ ቆሞ እያሳየን «ቲቸር፣ እኔ ከነጫማዬ ነው የተወለድኩት» ይል ነበር። እንስቃለን። ያ እግር ድንጋይና ብርድ ያውቃል። ሙቀት ግን አያውቅም። ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው።

ለፋሲካ ሸዋ ሮቢት አክስቱ ቤት ሄደ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ገብተህ፣ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈህ፣ ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተህ፣ እየተጠማዘዝክ ትወርዳለህ። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል። ጃኬትህን ጣርማ በር ላይ ትለብሳለህ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሸሚዝህም ይከብድሃል። ማንጎና ማሾ የሚበቅልበት አገር ነው፤ ወሩ ደግሞ ሚያዝያ።

ከመሄዱ በፊት ደውሎልኝ ነበር። «ልምምድ አላቋርጥም» አለኝ። «ስንት ኪሎ ሜትር?» አልኩት። «ስምንት።» «ስድስት አድርገው፣ በዓል ነው፣ ሆድህ ይሞላል» አልኩ። ጥሩ አሠልጣኝ የሆንኩ መስሎኝ ስልኩን ዘጋሁ። በስንት ሰዓት እንደሚሮጥ አልጠየቅሁም። ምን ላይ እንደሚሮጥም አልጠየቅሁም።

የዕለቱ ነገር

ዕለቱ ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው ረቡዕ ነው። ልጁ ማለዳ ሊነሳ አስቦ ነበር። ግን ከአክስቱ ልጆች ጋር ሲያመሽ እንቅልፍ ጣለው። ቁርስ የዶሮ ትራፊ ሆነ። ሲወጣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወደ አጣዬ የሚወስደውን ዋና መንገድ ያዘ።

መጀመሪያ በአፈሩ ጥግ ሮጠ። ጠጠርና የግራር እሾህ በዛበት። ስለዚህ አስፓልቱ ላይ ወጣ። ቀጥሎ ያደረገው ነገር በጣም ነው የገረመኝ። ጥቁሩ ላይ ጥቂት እንደሮጠ እግሩ ሞቀውና በመንገዱ ጠርዝ የተሰመረውን ነጭ መስመር አገኘ። መስመሩ ይሻላል። በገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው አንዱን እግር ከሌላው ፊት እያስቀደመ በነጩ ላይ ሮጠ። ማንም አልነገረውም። እግሩ ነው የነገረው። ነጭ ቀለም ብርሃኑን ይመልሳል፤ ጥቁር ነገር ግን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

ችግሩ ቀለሙ እየተፋቀ መሄዱ ነው። እስከ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር አለ የለም ሆነ። ሲመለስ ደግሞ በመንገዱ በሌላኛው ጎን ነበር፤ እዚያ ጨርሶ የለም። «ሞቀኝ ግን አላመመኝም» ይላል። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ግን እሳት የረገጠ ያህል ሆነበት። ቆመ። መቆም ባሰበት፤ ሲሮጥ እግሩ ቢያንስ አየር ላይ ይውላል። በጣቶቹ እየነጠረ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ደረሰ። ባጃጅ ያነሳው ከዚያ ነው። ባለባጃጁ እግሩን አይቶ የሚጠጣውን ውሃ ግማሽ ፕላስቲክ አፈሰሰለት። ብርም አልተቀበለውም። በዚያ ቀን ትክክለኛ ነገር ያደረገ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ቤት ሲደርስ አክስቱ ደነገጠች። የጥርስ ሳሙና ቀባችው። አልፈርድባትም፣ ብዙ ቤት የሚደረገው ይኸው ነው። አንዱ ኮልጌት፣ አንዱ ሊጥ፣ አንዱ እንቁላል። ቤት ውስጥ ሁለት ጀሪካን ሙሉ ውሃ ነበር። የሚያስፈልገው እሱ ነበር፤ 20 ደቂቃ በጣሳ እያፈሰሱ ማቀዝቀዝ። በረዶ ሳይሆን ንጹሕ፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ። ከተቃጠለ በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ እንኳ ቢደረግ ይጠቅማል።

ፎቶውና የእኔ ስህተት

ማታ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። አንድ ፎቶ። ቀኝ እግር፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለው ጉብታ። የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያለው ውሃ ቋጥሯል፤ ጥርት ያለ፣ የተነፋ። እንዲህ ያለ መቶ አይቻለሁ። ሯጭ ሲገፋና ሲዞር እግሩ የሚፋተገው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የምለውን አልኩ፦ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ መርፌውን ቀቅል፣ ከዳር በኩል ብቻ ውጋው፣ ቀስ ብለህ ጫን ጫን አድርገህ ውሃውን አውጣ፣ ቆዳውን አትላጥ፣ ቫዝሊን ቀብተህ በንጹሕ ጎዝ ሸፍነው።

ይህ ምክር ትክክል ነው። ግን በጫማ ወይም በሩጫ ፍትጊያ ውሃ ለቋጠረ፣ ትልቅ ሆኖ ለሚያስነክስ እግር ነው። ትንሹን አለመንካት ይሻላል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ደግሞ ሌላ ነው። በመርፌ ክር አሳልፎ ክሩን እዚያው ይተወዋል፣ «ውሃውን ይስባል» እያለ። ክሩ ውሃ ሲያስወጣ ቆሻሻም ያስገባል። ልጆቼን ከዚህ አስጥያቸዋለሁ ብዬ እኮራ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ልጁ የነገርኩትን አደረገ። ብቻ አንዱን አይደለም። ያገኘውን ሁሉ ወጋው። ሰባት ነበሩ። እኔ አንድ ብቻ መስሎኛል። ቆዳው አንዳንዱ ቦታ ላይ ተገለጠ። አክስቱ የሚያዥውን ለማድረቅ የተፈጨ ቡና ነሰነሰችበት።

አርብ ማታ ደወለች። «መምህር፣ ልጁን ምን ብለው መከሩት? እግሩ አመርቅዟል፣ ብሽሽቱ ላይም ንፍፊት አውጥቷል» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አለ። ልክ ነበረች። ነገ በማለዳ ጤና ጣቢያ ውሰዱት አልኩ። እኔም ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረድኩ።

ጤና ጣቢያ ስደርስ ሲስተሯ ቡናውን እያጸዳች ነበር። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። በጨው ውሃ እያራሰች፣ በጎዝ ጫፍ አንድ በአንድ እየለቀመች። ልጁ ጥርሱን ነክሷል። እኔ «ሯጭ ነው፣ በፍትጊያ ነው» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ሲስተሯ ቀና ብላ አላየችኝም። «ሌላኛውን እግርህን አምጣ» አለችው።

ግራ እግሩን አነሳ። ያኔ ገባኝ።

አሥሩም ጣቶች። የእያንዳንዱ ጣት ጫፍ ሥር፣ ትንሿ ጣት ሳትቀር፣ ቀልቷል ወይም ውሃ ቋጥሯል። የፊት እግሩ ጉብታ ዳር እስከ ዳር። ተረከዙም ክብ ሆኖ። መሬት የማይነካው የመካከሉ ጎድጓዳ ክፍል ብቻ ደህና ነው። አንድ ሰው እግሩን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ቢያሳርፍ የሚወጣው ማኅተም ነበር የተቀመጠው። «ፍትጊያ አሥር ጣት አይመርጥም» አለች ሲስተሯ። «ይሄ ቃጠሎ ነው። ሁለተኛ ደረጃ።»

ልዩነቱን አሁን ለልጆቼ ሁሉ አሳያለሁ። ፍትጊያ አንድ ቦታ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜም አንዱ እግር ላይ ይብሳል። ስትጫነው ያማል፣ ካልነካኸው ዝም ይላል። ቆዳው የሚለያየው ከላይኛው ሽፋን ውስጥ ነው፤ ሥሩ ደህና ነው። ለዚህ ነው ቶሎ የሚሽረው። ቃጠሎ ግን መሬት የነካውን ሁሉ ይይዛል፣ በሁለቱም እግር። ዙሪያው ይቀላል። ሳትነካውም ይለበልባል፤ ልጁ ረቡዕ ሌሊት እግሩን ከብርድ ልብስ አውጥቶ ነው ያደረው። ጉዳቱም ጠለቅ ይላል። ያ የተነፋ ቆዳ ለቁስሉ የተፈጥሮ ፋሻው ነው፤ እኔ ደግሞ በስልክ አስበሳሁት። የእግር ቃጠሎ ትንሽ ቢመስልም ለባለሙያ መታየት እንዳለበትም ያን ቀን ነው የሰማሁት። በየዕለቱ የምንቆምበት፣ ቶሎ የሚቆሽሽ ቦታ ነውና።

ከአውራ ጣቱ ሥር ባለው ላይ ግን የእኔም ግምት ሙሉ በሙሉ ውድቅ አልነበረም። እዚያ ሁለቱም ነበሩ። የሞቀና ያላበው ቆዳ ይበልጥ ይያዛል፣ ይበልጥ ይፋተጋል። ከሁሉም የሰፋው እሱ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። የተላከልኝ ፎቶም የእሱ ብቻ ነው። ልጁ «ትልቁን ልላክ ብዬ ነው» አለኝ።

ክሎክሳሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። የቴታነስ መርፌ ተወጋ። ቫዝሊን የነካ ጎዝ፣ ላዩ ላይ ደረቅ ጎዝ፣ ከዚያ ፋሻ። በየሁለት ቀኑ ማጠብ። እግሩን ከፍ አድርጎ መተኛት። ስኳር ያለበት ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ እግሩ ላይሰማውም ይችል ነበር።

ምጣዱ

ልጁ ፋሻውን እያየ «አበበ ቢቂላስ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፎ የለ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀ የስፖርት መምህር ያለ አይመስለኝም። አበበ የሸዋ ልጅ ነው፣ ጃቶ ነው የተወለደው፤ እኛ ጋ ስሙ ሲነሳ ሁሉም ዘመዱ ነው።

ነገር ግን ሮምን በደንብ እናንሳት። 1952 ዓ.ም.፣ ጳጉሜ 5። ውድድሩ የተጀመረው በሮም አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ተኩል፣ በእኛ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይ እየዘቀዘቀች። ያለቀው በጨለማ ነው፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን እያበሩ። አበበ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የሮጠው መንገዱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ነው። ጫማውን የተወውም አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው ነው፤ እግሩ ውሃ እንዳይቋጥር። በባዶ እግሩም ቀድሞ ሲለማመድ ኖሯል። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ በጫማ ሮጦ ድጋሚ አሸነፈ፤ ሰዓቱም ይበልጥ ፈጣን ነበር። ልጁ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። «ስለዚህ አበበ በ6 ሰዓት ተኩል አልወጣም» አለ ቆይቶ።

እሁድ ሥራ ስላልነበረኝ መንገዱን ልለካ ወጣሁ። አክስቱ ቤት ከኮሮና ጊዜ የተረፈ፣ ግንባር ላይ የሚደገን ቴርሞሜትር ነበር። በ7 ሰዓት አስፓልቱ ላይ ደገንኩት። «ሃይ» አለኝ። ሰላምታ አይደለም፤ ከአቅሜ በላይ ነው ማለቱ ነው። የሰው ትኩሳት እንጂ የምጣድ ሙቀት እንዲለካ አልተሠራም። ነጩ መስመር ላይም «ሃይ»። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ያንኑ ቦታ ስለካ «ሎው» አለ፤ ከአቅሜ በታች። መሣሪያው ባይረባም ነገሩን ከዚህ የተሻለ የሚናገር የለም። ያው መንገድ ነው፣ ሰዓቱ ብቻ ተለወጠ።

በእጄም ሞከርኩ። የእጄን ጀርባ አሳርፌ ቆጠርኩ። ጥቁሩ ላይ አራት ስል አነሳሁ። ነጩ ላይ ዘጠኝ ደረስኩ። የአፈሩ ጥግ ላይ አሥራ አምስት። ማንጎ ዛፍ ሥር ቆጠራው ሰለቸኝ። አንድ አሮጌ ሰውዬ ቆመው አዩኝና «የጠፋብህ ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ።

ቁጥሩ ይህን ይመስላል። አየሩ 35 ዲግሪ አካባቢ በሆነበት ጠራራ ፀሐይ፣ ጥቁር አስፓልት 60 ዲግሪ ሊነካ ይችላል። 44 ዲግሪ የሆነ ነገር ቆዳን ለመጉዳት ሰዓታት ይፈጅበታል፤ 60 ሲሆን ሰከንዶች ይበቃሉ። ሯጭ «እኔ እኮ አልቆምኩም፣ እግሬ ነካ ነው የሚያደርገው» ይላል። እንቁጠረው። በደቂቃ 170 እርምጃ፣ 35 ደቂቃ። 6,000 ገደማ እርምጃ ነው፤ ለአንድ እግር 3,000። እያንዳንዱ ሩብ ሰከንድ መሬት ላይ ቢቆይ በድምሩ 12 ደቂቃ ይሆናል። እየተነሳ እየወደቀ፣ 12 ደቂቃ ምጣድ ላይ። በመካከል አየር ያገኛል፣ ግን ለመብረድ አይበቃውም።

የደነደነው መርገጫስ? ልጁ የተማመነበት እሱ ነበር፤ እኔም። የደነደነ ቆዳ እሾህና ጠጠር ይመክታል። ሙቀትን ግን አያስቀርም፤ ያዘገየዋል እንጂ። ስለዚህ ሕመሙም ይዘገያል። «ሞቀኝ ግን አላመመኝም» ያለው ያኔ ነው። ሲያምህ ሙቀቱ ገብቷል፤ ከአስፓልቱ ብትወርድም ቆዳው ውስጥ ያለው ማብሰሉን አያቆምም። የባለባጃጁ ግማሽ ፕላስቲክ ውሃ ለዚህ ነው ዋጋ የነበረው።

መመለስ

ሁለት ሳምንት ተኩል ትምህርት ቤት በነጠላ ጫማና በፋሻ ሄደ። በአምስተኛው ቀን ንፍፊቱ ጠፋ። በአሥረኛው ከአውራ ጣቱ ሥር ካለው በስተቀር ሁሉም ጠገገ። ከዚያ ያልጠበቅነው መጣ። ያ ሁለት ዓመት የፈጀበት ቁርበት መሳይ መርገጫ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ወደቀ። ሥሩ የሕፃን እግር ይመስላል፤ ቀይ፣ ስስ። ልጁ ከቃጠሎው ይልቅ በዚህ አለቀሰ። «ከዜሮ ልጀምር ነው?» አዎ አልኩት።

እናቱ «ከእንግዲህ ጫማ ካላደረገ አይሮጥም» አለች። እኔ በከፊል ተስማማሁ። ሜዳ ላይ ባዶ እግር ይቻላል፤ ከሜዳ ውጭ ጫማ፣ በጀርባ ቦርሳም ቢሆን ይዞ መሄድ። ከሩጫ በኋላም እግር ታጥቦ ጫማ ይደረጋል። በእኛ ደጋ ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልክ በባዶ እግር መኖር ለእግር እብጠት ያጋልጣል፤ ቆላው ደግሞ ሙጃሌ አለበት። አክስቱ ይህን ሰምታ ከሸዋ ሮቢት በረባሶ ላከችለት፣ ከመኪና ጎማ የተሠራ። ከሱ ጋር አንድ ፌስታል የደብረ ሲና ቆሎ፣ «ለመምህሩ» ተብሎ። ይቅር ማለቷ ነው ብዬ ወሰድኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ሣር ላይ አሥር ደቂቃ በእግሩ ሄደ። በአራተኛው አምስት ደቂቃ ሮጠ፣ አምስት ሄደ። ቀላ ካለ በማግስቱ ያርፋል። ሁለቱንም እግር በየምሽቱ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፤ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ አሥሩም እንዲታዩ። የስልኬ ጋለሪ በእግር ተሞልቷል። ባለቤቴ ስልኬን ስትከፍት ታፍራለች።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቡድኑ ጋር ሊሮጥ መጣ። ማለዳ 12 ሰዓት ነው። ብርድ ነው፣ ሁላችንም እጃችንን ኪሳችን ከተናል። ነጠላ ጫማውን አወለቀ። ከመነሳቱ በፊት ጎንበስ አለ፣ የእጁን ጀርባ ሣሩ ላይ አሳረፈና መቁጠር ጀመረ። ልጆቹ ሳቁበት። እሱ ግን እስከ አሥር ቆጠረ። እጁን ሲያነሳው በጤዛ ረጥቦ ነበር።